‹‹ስማርት›› የበር ቁልፍ በአረጋውያን ቤት፤ የሚፈታውና የማይፈታው

አማርኛችን ሌላ ቦታ ለጋስ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ቆጥቧል። ‹‹ቁልፍ›› ስንል በሩ ላይ የተገጠመውንም፣ ኪሳችን ውስጥ የምንከተውንም ማለታችን ነው። ‹‹ቁልፉ ተበላሸ›› ያለን ሰው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ ወሬውን እስከ መጨረሻው መስማት ግድ ይላል። ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት ከአንባቢ ጋር እንስማማ። በዚህ ጽሑፍ በሩ ላይ ያለውን ‹‹ቁልፍ››፣ በእጅ የሚያዘውን ደግሞ ‹‹መክፈቻ›› እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጉዳዬ በተለምዶ ‹‹ስማርት ሎክ›› የሚባለው፣ ያለ መክፈቻ የሚከፈት የበር ቁልፍ ነው። ሜሪላንድ የምትኖረው አክስቴ ለአያቴ የደም ግፊት መለኪያ ልካለች፣ ስልክ ልካለች፤ አምና ደግሞ ተራው የቁልፍ ሆነ። ቤተሰቡ ‹‹ይምጣ››ና ‹‹አይምጣ›› ተባብሎ ለሁለት ሲከፈል፣ ‹‹አንቺ ጋዜጠኝነት አይደል እንዴ የምትማሪው? ጠይቀሽ ንገሪን›› ተባልኩና ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። አነበብኩ፣ የገጠሙ ሰዎችን ጠየቅኩ፣ መርካቶ ወርጄ የበር ዕቃ ሻጮችን አስቸገርኩ። ያገኘሁትን እነሆ።

ነገሩ ሲፈታ

ስማርት ቁልፍ ተፈትቶ ሲታይ ያን ያህል ተአምር የለበትም። ከበሩ ወጥቶ ወደ መቃኑ የሚገባው የብረት ምላስ ድሮም የምናውቀው ነው። አዲሱ ነገር ምላሱን በእጃችን ፋንታ የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር፣ ሞተሩን የሚያዝ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ኃይል የሚሰጥ የባትሪ ድንጋይ (ብዙውን ጊዜ አራት ደብል ኤ) እና ከስልክ ጋር የሚነጋገርበት ሬዲዮ ነው።

ትእዛዙ በተለያየ መንገድ ይመጣል። ከውጭ በኩል በተገጠመ የቁጥር ሰሌዳ ላይ የሚስጥር ቁጥር መንካት አንዱ ነው። የጣት አሻራ ሌላው ነው። ከበሩ አጠገብ ያለ ስልክ በብሉቱዝ ሊያዘው ይችላል፤ ይሄኛው ከአሥር ሜትር ገደማ አያልፍም። አክስቴን ያስጎመጃት ደግሞ የመጨረሻው ነው፤ በኢንተርኔት አማካይነት ከሌላ አህጉር መክፈት። ለዚህ ቁልፉ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር መገናኘት አለበት። አንዳንዱ በቀጥታ ይገናኛል፤ አንዳንዱ ሶኬት ላይ የሚሰካ አገናኝ ዕቃ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባልልኝ። ከጠየቅኳቸው ሰዎች ብዙዎቹ ‹‹ኢንተርኔት ሲጠፋ ውጭ ልንቀር ነው›› ብለው ይፈራሉ። የቁጥር ሰሌዳውና ብሉቱዙ ግን በአብዛኛው ኢንተርኔት አይፈልጉም። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚቀረው ከሩቅ መክፈትና ከሩቅ ማየት ነው።

ከመክፈትና ከመዝጋት በተጨማሪ ቁልፉ ሦስት ሥራ ይሠራል። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁጥር ይሰጣል፤ የማን ቁጥር በስንት ሰዓት እንደከፈተ ይመዘግባል፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ራሱ ይቆልፋል። ‹‹በሩን ቆልፌዋለሁ ወይስ አልቆለፍኩትም?›› እያሉ ከአልጋ ለሚነሱ ሰው ይሄ የመጨረሻው ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ የታኅሣሥ ጠዋት

አያቴ 78 ዓመታቸው ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ‹‹ከእኛ ጋር ይሁኑ›› ተብለው ስንት ጊዜ ተለምነዋል፤ ‹‹በቤቴ ልሙት›› ነው መልሳቸው። ቀን ቀን አንዲት ልጅ መጥታ ትሠራላቸዋለች፤ ማታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

አምና በታኅሣሥ ወር ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳለጣቸውና ወደቁ። ልጅቷ መጥታ ብታንኳኳ ድምፃቸው ይሰማል፣ የሚከፍት ግን የለም። እናቴ በስልክ ተጠርታ ከሥራ እየሮጠች መጣች። ትርፍ መክፈቻ ነበራት። ሞከረችው፤ አልገባም። አያቴ ማታ ከውስጥ ቆልፈው መክፈቻቸውን እዚያው እንደተሰካ ትተውታል። ከላይ ደግሞ መቀርቀሪያው ተወርውሯል። የጎረቤት ልጆች በሩን በብረት ፈልቅቀው እስኪገቡ ድረስ አያቴ ቀዝቃዛ ሴራሚክ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ተኝተዋል። የተሰነጠቀው የእጃቸው አንጓ ነበር። ሐኪሙ ‹‹ዳሌያቸው ስላልሆነ ዕድለኛ ናቸው›› አለን።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ። ከፍተኛው የሞት ቁጥር ያለው ደግሞ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ በሆኑት ላይ ነው። ጉዳቱ ታዲያ ከአወዳደቁ ብቻ አይደለም። አንድ አረጋዊ ሰው ወለል ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይነሳ ከቆየ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ ፈሳሽ ያጥረዋል፣ የተጫነው ጡንቻ እየተጎዳ ኩላሊትን እስከመጉዳት ይደርሳል። ስለዚህ በሩ በአምስት ደቂቃ መከፈቱና በአንድ ሰዓት መከፈቱ ልዩነቱ ትልቅ ነው። አምቡላንስ በ907 ቢጠራ፣ እሳትና አደጋ በ939 ቢጠራ፣ የመጣው ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ያንኑ የተዘጋ በር ነው።

የአክስቴ ሐሳብ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ‹‹እኔ ከዚህ ሆኜ በስልኬ ብከፍትላችሁስ?›› አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። እስቲ ያንን ጠዋት እናስበው፤ ስማርት ቁልፍ ኖሮ ቢሆን በሩ ይከፈት ነበር? አይከፈትም። መቀርቀሪያው ሞተር የለውም። ከውስጥ በእጅ የተወረወረ ብረት በስልክ አይመለስም። የበር ሰንሰለትም እንዲሁ ነው። የስማርት ቁልፍ ሻጮች ይሄን ሲያነሱ አልሰማሁም፤ ለአረጋዊ ቤት ግን የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበት ይሄ ይመስለኛል።

ሦስቱ ሲሊንደሮች

መርካቶ ውስጥ አንድ ሻጭ ጥያቄዬን ከሰማ በኋላ ሦስት ሲሊንደር ጠረጴዛው ላይ ደረደረልኝ። ሲሊንደር ማለት መክፈቻው የሚገባበት፣ ከቁልፉ ወጥቶ ሊቀየር የሚችለው ክፍል ነው። የመጀመሪያው በሁለቱም በኩል መክፈቻ የሚያስገባ ተራ ሲሊንደር ነው። ሻጩ ከአንዱ ወገን መክፈቻ ሰካና ከሌላው ወገን ያለውን ‹‹ሞክሪው›› አለኝ። እስከ መጨረሻው አልገባም። የእናቴ መክፈቻ ያን ዕለት ያልገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ከውስጥ በኩል መክፈቻ የለውም፤ በጣት የሚዞር እንቡጥ አለው። ከውስጥ የሚረሳ መክፈቻ ስለሌለ ከውጭ ያለው መክፈቻ ሁልጊዜ ይሠራል። ሦስተኛው ከአንዱ ወገን መክፈቻ ቢሰካበትም ከሌላው ወገን እንዲከፈት ተደርጎ የተሠራ ነው። ሻጩ የዚህ ዓይነት አንድ ብቻ ነበረው፤ ‹‹ሰው አይጠይቀውም›› አለኝ።

እኔን እዚያ ጋ ደርሶ ያናደደኝ ነገር አለ። ለወራት ስለ ሞተር፣ ስለ ዋይፋይና ስለ አፕሊኬሽን ስንከራከር የከረምንበት ጉዳይ ግማሹ ሁለተኛውን ሲሊንደር በመቀየር የሚፈታ ነበር። አንድ ብሎን ፈትቶ አሮጌውን ማውጣትና አዲሱን ማስገባት ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ልኩ ብቻ መታወቅ አለበት። ከበሩ ጠርዝ በኩል ሲሊንደሩን ከሚይዘው ረጅም ብሎን መሐል ተነስቶ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ በሚሊሜትር ይለካል፤ 30 በ30፣ 35 በ35፣ 30 በ40 እየተባለ ይሸጣል። ከውጭ በኩል ከበሩ ብዙ ወጥቶ መቅረት የለበትም፤ የወጣ ሲሊንደር ሌባ በጉጠት ይዞ ይሰብረዋል።

ልኩን ማወቅ ለስማርት ቁልፉም ይጠቅማል። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት ቁልፎች በአብዛኛው የተሠሩት በሩ ላይ 54 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ለሚበሳበት አሠራር ነው። የእኛ ሀገር በሮች ግን ባመዛኙ በአውሮፓ አሠራር ሲሊንደር የሚገባባቸው ናቸው፤ የቆዩት ደግሞ ረጅም ጥርስ ባለው መክፈቻ የሚከፈቱ ናቸው። ስለዚህ አክስቴ ከሰፈሯ መደብር ገዝታ ልትልክ የነበረው ቁልፍ አያቴ በር ላይ ሊገጠም አይችልም ነበር። የላሜራ በር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ በሩ ቀጭንና ውስጡ ክፍት ስለሆነ ብየዳ ይጠይቃል።

ለእኛ ዓይነት በር የሚሆኑት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው እጀታው፣ የቁጥር ሰሌዳውና ቁልፉ አንድ ላይ ሆኖ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ የሚተካ ነው። ሁለተኛው ከውጭ ምንም ሳይነካ ከውስጥ በኩል ሲሊንደሩ ላይ ተቀምጦ፣ የተሰካውን መክፈቻ እንደ ሰው እጅ የሚያዞር ነው። ይሄኛው ሦስተኛውን ዓይነት ሲሊንደር ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ከውስጥ ሁልጊዜ መክፈቻ ተሰክቶ ስለሚኖር፣ ተራ ሲሊንደር ከሆነ ሞተሩ በቆመ ቀን ከውጭ መግቢያ የለም። እኔ ብጠየቅ ለአረጋዊ ቤት ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የብረት መክፈቻው እንደ ድሮው መሥራቱን ይቀጥላልና።

መብራትና ኔትዎርክ

መብራት ሲጠፋ ቁልፉ አይሞትም፤ በድንጋይ ነው የሚሠራው። የሚሞተው ራውተሩ ነው። ራውተሩ ሲጠፋ ከሩቅ መክፈት አይቻልም፤ መልእክትም አይደርስም። ይሄ ለአንድ ምሽት ከሆነ ምንም አይደለም። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ፣ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ እንደነበር አንባቢ አይረሳውም። የአያቴ ደኅንነት የተንጠለጠለው በአክስቴ ስልክ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሳምንታት ባዶ ነበሩ ማለት ነው።

ችግሩ የእኛ ሀገር ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 አንድ የአሜሪካ የቁልፍ ኩባንያ በኢንተርኔት የላከው የተሳሳተ የሶፍትዌር ማሻሻያ 500 ያህል ቁልፎችን አበላሸ፤ የቁጥር ሰሌዳቸው መሥራት አቆመ። ሰው በሩን ሳይነካው፣ ሌባ ሳይመጣበት፣ ሌሊት ተኝቶ ጠዋት ሲነሳ ቁልፉ ሌላ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ድንጋዩ እንደ ቁልፉ ዓይነትና እንደ አከፋፈቱ ብዛት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይቆያል። አልካላይን የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት። ሱቅ በደረቴ የሚሸጠው ርካሹ ድንጋይ ለግድግዳ ሰዓት ይበቃል፤ ሞተር ለማዞር ግን አቅም የለውም። ቻርጅ የሚደረገው ድንጋይም አነስ ያለ ቮልቴጅ ስላለው ቁልፉ ‹‹አልቋል›› ብሎ ያለጊዜው ሊጮህ፣ ወይም ሳይጮህ ሊቆም ይችላል። አንዳንድ ባለ ቁጥር ሰሌዳ ቁልፎች ድንጋዩ ከውስጥ ሲያልቅ ከውጭ ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ አስነክቶ ለጊዜው ማስነሳት የሚቻልበት ቦታ አላቸው።

ድንጋዩን የሚጨርሰው ሌላው ነገር በሩ ራሱ ነው። የእንጨት በር በክረምት እርጥበት ይጠጣና ያብጣል። እኛ ሰዎች በትከሻችን ገፋ አድርገን፣ እጀታውን ወደ ላይ ሳብ አድርገን እንቆልፋለን። ሞተሩ ትከሻ የለውም። ምላሱ ከመቃኑ ቀዳዳ ጋር ካልተገጣጠመ እየታገለ ድንጋዩን ይበላል፤ መጨረሻ ላይም ‹‹አልተቆለፈም›› ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ከቁልፉ በፊት አናጢ መጥራት ይሻላል።

ቁጥር፣ ጣትና ሰዓት

የጣት አሻራ የሚባለው ነገር ማስታወቂያ ላይ ያምራል። በአረጋውያን ጣት ላይ ግን ብዙ ጊዜ እምቢ ይላል። ቆዳ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይሳሳል፣ መስመሮቹ ይጠፋሉ። ዕድሜ ልኩን ልብስ ያጠበ፣ ጥጥ የፈተለ፣ ድስት የፈተገ ጣት ደግሞ ከዚያም ይብስበታል። የአንድ ጎረቤታችንን ስልክ በአያቴ ጣት ለመክፈት ሞክረን ከአሥር ጊዜ ሁለቱን ብቻ ተቀበለን። ‹‹ይሄ ዕቃ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ነው የሚፈልገው›› አሉ አያቴ።

ስለዚህ የሚቀረው ቁጥር ነው። ባለ አራት አኀዝ ቁጥር 10,000 ዓይነት አማራጭ አለው። ይሁንና አንድ ቁጥር ለዓመታት ከተነካ እነዚያ አራት ቁልፎች ይፈዝዛሉ ወይም ቅባት ይይዛሉ። የትኞቹ አራት እንደሆኑ ያየ ሰው የሚቀረው 24 ሙከራ ብቻ ነው። ቁጥሩን አልፎ አልፎ መለወጥ፣ ሰሌዳውን መጥረግ፣ ከተቻለም ባለ ስድስት አኀዝ ማድረግ ይጠቅማል። የልደት ዓመት አይሁን፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል።

የሚስጥር ቁጥር ማስታወስ ለአረጋዊ ሰው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ያጋጠመን ነገር አስገርሞኛል። አያቴ አዲስ ቁጥር ሲነገራቸው በማግሥቱ ይረሱታል፤ የድሮ የቤታቸውን የመስመር ስልክ ቁጥር ግን ያለ ስህተት ይጠሩታል። ያ ቤት ከፈረሰ፣ ስልኩም ከተቆረጠ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ከሱ ላይ የተወሰደ ቁጥር ለሳቸው ቀላል፣ ለሌላ ሰው ግን የማይገመት ሆነ።

ሰዓቱም ነገር አለው። እነዚህ ቁልፎች የተወሰነ ቁጥር በተወሰነ ሰዓት ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ይችላሉ። ሠራተኛዋ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ትግባ ብሎ በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው፣ ቁልፉ የሚገባው ከሌሊቱ 8 እስከ ጠዋቱ 4 ነው። ልጅቷ ጠዋት ስትመጣ ይከፍትላታል፤ እኩለ ቀን ላይ ከገበያ ስትመለስ ከነዘንቢሏ ውጭ ያስቀራታል። ከሜሪላንድ ሆኖ የሚሞላ ሰው ደግሞ የሰባት ወይም የስምንት ሰዓት ልዩነት ይጨመርበታል። አያቴ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቢወድቁ እዚያ ሌሊት ነው፤ አክስቴ ተኝታለች። በስልኳ የምትከፍተው ከነቃች ነው።

መዝገቡን ማን ያያል?

ቤተሰቡ ውስጥ ትልቁን ጠብ ያስነሳው ይሄ ነው። ቁልፉ ማን መቼ እንደገባ ይመዘግባል፤ ያ መዝገብ ወደ አክስቴ ስልክ ይሄዳል። አክስቴ በቅን ልቦና ‹‹እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ በሰላም መመለሷን አውቃለሁ›› ትላለች። አያቴ ይሄ ሲነገራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው፣ ‹‹ባሌ እንኳ ወጥቼ ስገባ አልቆጠረኝም›› አሉ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ስለ ቁልፍ እንዳይነሳ ሆነ።

እኔ አያቴ እውነት አላቸው እላለሁ። ልጅ ለወላጁ መስጋቱ ያለ ነው። ግን የ78 ዓመት ሰው እንደ ተማሪ ‹‹አቴንዳንስ›› ሲያዝበት ነፃነቱን አጥቷል። ሌሎች ሀገሮችም በዚህ ተፈትነዋል። ጃፓን ውስጥ ዞጂሩሺ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 አይ-ፖት የሚባል የውኃ ማፍያ አወጣ። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ለሻይ ውኃ ሲቀዱ ዕቃው ያንን ይመዘግባል፤ ሩቅ ያለ ልጃቸው በኢሜይል ይነገረዋል። መልእክቱ የሚለው ‹‹ዛሬም ሻይ ጠጥተዋል›› ነው እንጂ የት እንደሄዱ፣ ማን እንደመጣ አይልም። ትንሽ መረጃ ነው፤ ግን የሚያስፈልገው ያው ነው። በእኛ ፎቅ ይሄን ሥራ የሚሠራው የጠዋት ቡና ሽታ ነው። ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤታችን የአያቴ ቡና እስከ ሦስት ሰዓት ካልሸተታቸው ያንኳኳሉ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኒው ዮርክ፣ ማንሃተን ውስጥ የደረሰውም ይነገር። አንድ አከራይ የሕንፃውን መግቢያ በስልክ በሚከፈት ቁልፍ ስለቀየረ ተከራዮች ከሰሱት። ከነሱ አንዱ የ93 ዓመት አዛውንት ነበሩ፤ የስልኩን አፕሊኬሽን መጠቀም ስላልቻሉ በገዛ ቤታቸው እስረኛ ሊሆኑ ነው ተብሎ ተከራከሩላቸው። ነገሩ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ በስምምነት ሲያልቅ ተከራዮቹ የብረት መክፈቻ እንዲሰጣቸው ተወሰነ።

ስለ ሠራተኛዋም አንድ ነገር ልበል። የራሷ ቁጥር መኖሩ ጥሩ ነው፤ ሥራ ስትለቅ ቁጥሩን ማጥፋት ይበቃል፣ ሲሊንደር መቀየር የለም። ነገር ግን መዝገቡ ‹‹የሷ ቁጥር ከፈተ›› ይላል እንጂ ‹‹እሷ ከፈተች›› አይልም። ቁጥር ከትከሻ ኋላ ይታያል፣ ይነገራል፣ ይሰማል። ዕቃ ጠፋ ተብሎ በዚህ መዝገብ ብቻ ሰው የሚከሰስ ከሆነ ግፍ ነው።

መቆለፍ ሲበዛ

የመርሳት በሽታ (አልዛይመርና የመሳሰሉት) ያለባቸው አረጋውያን በሌሊት ከቤት ወጥተው መንገድ ይጠፋቸዋል። በዚህ የተቸገሩ ቤተሰቦች ስማርት ቁልፍን ከውስጥም እንዳይከፈት አድርጎ ለመጠቀም ያስባሉ። ይሄ አደገኛ ነው። ቡታጋዝ ቢፈነዳ፣ ከሰል ቢያፍን፣ ኮረንቲ ቢነሳ ሰውዬው መውጫ የለውም፤ ጭስ ደግሞ ደቂቃ አይጠብቅም። የቤት በር ከውስጥ በአንድ እንቅስቃሴ፣ ያለ ቁጥርና ያለ መክፈቻ መከፈት አለበት። ለሚጠፉ አረጋውያን የሚሻለው በሩ ሲከፈት ለሌላው የቤት ሰው ደወል የሚያሰማ ዕቃ ነው፤ ሰውየውን አያስርም፣ የተኛውን ግን ይቀሰቅሳል።

የእኛ ቤት ነገር እንዲህ ሆኗል። መጀመሪያ ከውስጥ በጣት የሚዞረው ሲሊንደር ገባ። የካቲት ላይ ጀርመን ያለው የአጎቴ ልጅ ከውስጥ የሚቀመጠውን ዓይነት ስማርት ቁልፍ፣ ከነሲሊንደሩና ከነቁጥር ሰሌዳው ላከ። የቀረው መቀርቀሪያው ነበር። አያቴ ‹‹ያለሱ እንቅልፍ አይወስደኝም›› ብለው አስቸገሩ። ያሳመናቸው የእኔ ማብራሪያ አይደለም፤ የሞተሩ ድምፅ ነው። በሩ በተዘጋ በሠላሳ ሴኮንዱ ‹‹ክርርር-ጠቅ›› ሲል ሰምተው፣ ደግሞ አዘግተው ሰምተው፣ ‹‹እሺ፣ እሱ ይቆልፍ›› አሉ። መቀርቀሪያው ተነቅሎ ሣጥናቸው ውስጥ ገብቷል፤ አልተጣለም።

ቁጥር ያላቸው አምስት ሰዎች ናቸው። አያቴ፣ እናቴ፣ እኔ፣ ሠራተኛዋና ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤታችን። መዝገቡን የምታየው እናቴ ብቻ ነች፤ እሷም አደጋ ካልደረሰ እንዳታየው ቃል አስገብተዋታል። ድንጋዩ በእንቁጣጣሽና በፋሲካ ይቀየራል፤ ቢያልቅም ባያልቅም። የአክስቴ ከሩቅ የመክፈት ፈቃድ ግን እስካሁን አልጸደቀም። ለጊዜው የተስማማንበት መጀመሪያ አያቴ ጋ እንድትደውል፣ ሦስት ጊዜ ካልተነሳ ጎረቤታችን ጋ እንድትደውል ነው፤ እሳቸውም ቁጥሩን ነክተው ሲገቡ ደጃፉ ላይ ቆመው ‹‹ቤቶች!›› ሳይሉ እንዳያልፉ አያቴ አስጠንቅቀዋቸዋል።